«በቃኝ» የምትለዋ ቃል

የቴአትሩ አዘጋጅ ልምምድ መሃል የቆመበት የመድረክ ክዳን ተከፍቶ፣ ከታች ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተዘርሮ ሞተ። መነጽሩ ግን ላይ፣ ክዳኑ አፋፍ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አልተሰነጠቀም። ፖሊስ ጉዳዩን በአንድ ሰዓት ጨረሰው። አንድ ሰዓት! ሰው ሞቶ እኮ ነው!

የተያዘው ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ ነው። የቴአትር ቤቱ ሰዎች «ሦስተኛ ረድፍ» ይሉታል፤ ያንን አሮጌ የዘፈን ድራማ ባዩት ቁጥር እሱን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያገኙታልና። ዘንድሮ ድራማው እንደገና ሲሰናዳ አዲስ ዘፈን ተጨመረበት። ሰውየው ጨርቁን ሊጥል ደረሰ። በር ላይ ቆሞ ጮኸ፣ ደብዳቤ ጻፈ። ታዲያ ምን ያድርግ? ተሠርቶ ያለቀን ነገር ካልነካካን እንቅልፍ አይወስደንም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ይኼን ስተርክ ደሜ ይፈላል።

ደብዳቤው ላይ «ያቺ ቃል እዚያ ከገባች ሰው ይወድቃል፤ ነግሬአችኋለሁ» የሚል ተገኘ። አዘጋጁ በሞተበት ጠዋት ደግሞ ሰውየው የጓሮ በር ላይ ታይቷል። በቃ፣ የክዳኑን መቆለፊያ ያላላው እሱ ነው፣ ገዳይ ነው ተባለ። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» ይሏታል፤ ከአፏ የማትጠፋ ቃል ናት። ማልዳ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይኼን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሌላኛውስ የት አለ?»

«የቱ ሌላኛው?»

«ልጄ፣ ጥጉን እይው እንጂ! ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ ሁለተኛው ገጽ ነው። እኔ ገጽ ሳልቆጥር ጽፌ አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ግማሽ ደብዳቤ አንብበው ነፍሰ ገዳይ አሉኝ!»

«ቀስ ይበሉ። አንደኛው ገጽ ላይ ምን ነበር?»

«ዝምታው ነዋ! ልጅቷ ጉድጓዱ አጠገብ ትቆማለች። ዘፈኗ ያልቃል። ከዚያ ዝም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። በመጨረሻ ‹በቃኝ› ትልና ክዳኑ ይከፈታል፣ ትወርዳለች። ያንን ዝምታ ነው በአዲስ ዘፈን የደፈኑት! ዘፈን መቼ ጠላሁ? አዲስ ድራማ ይሥሩና አርባ ዘፈን ይጨምሩበት፤ ማን ከለከላቸው?»

«ሰው ይወድቃል ያሉትስ?»

«ክዳኑን የሚከፍተው ሰውዬ ከግድግዳ ኋላ ነው፤ አያይም። ያቺን ቃል ሲሰማ እጀታውን ይጎትታል። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራው። አዲሱ ዘፈን ውስጥ ‹በቃኝ› እንዳትገባ፣ ሰው ትጥላላችሁ ብዬ አስጠነቀቅኩ። ማስጠንቀቅ ወንጀል ሆነ?»

መርማሪዋ ወደ ቴአትር ቤቱ ሄደች። ዜማ ደራሲው ፒያኖው አጠገብ ነበር፤ ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል።

«እኔ እየተጫወትኩ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ሁለቱንም እጆቼን ሰው ሁሉ አይቷል። ደብዳቤውንም ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ለፖሊስ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ፒያኖው ላይ የተለጠፈውን ግጥም አነበበች። «በቃኝ» የሚል የለም። መጨረሻው ስንኝ ላይ ያለው «አልችልም» ነው።

እጀታውን የሚጎትቱት ሽማግሌ መድረኩ ጥግ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አባባ፣ ትናንት እጀታውን ጎትተዋል?»

«እኔ አልነካሁትም። መቆለፊያው ልል ነበር። ሰው ነካክቶታል መሰለኝ።»

መርማሪዋ ተንበርክካ መቆለፊያውን ሞከረችው። በሁለት እጇም ንቅንቅ አላለም።

«ከክዳኑ ሥር ፍራሽ አይደረግም እንዴ?»

«ለድራማው ነው። ትናንት አዲሱን ዘፈን ብቻ ስለተለማመድን ጉድጓዱ አያስፈልግም ብለን ግቢ ፀሐይ ላይ አስጥተነው ነበር። ሁሉም ያውቃል።»

ዘፋኟ መጣች፤ ሁለት ቀን ያልተኛች ትመስላለች። መርማሪዋ አዲሱን ዘፈን እንድታሰማት ጠየቀቻት።

«እዚሁ? አሁን?»

«እዚሁ። ትናንት እንደዘፈንሽው።»

ልጅቷ ዘፈነች። መርማሪዋ ግን ዘፋኟን አላየችም፤ ሽማግሌውን ነበር የምታየው። መጨረሻው ስንኝ ላይ ልጅቷ «በቃኝ» ስትል የሽማግሌው ቀኝ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ዘልሎ አየር ጨበጠ፣ ወደ ታችም ሳበ። እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን አይተው ደነገጡ።

«ግጥሙ ‹አልችልም› ነው የሚለው» አለች መርማሪዋ።

«ትናንት ጠዋት ነው የተቀየረው። አዘጋጁ ቀይሩት ብሏል ተባልኩ» አለች ልጅቷ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሦስተኛ ረድፍን በካቴና አመጡት። ከልምዱ ሄዶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ማንም አልከለከለውም።

«መቆለፊያውን የነካ የለም» አለች መርማሪዋ። «ክዳኑን የከፈቱት አባባ ናቸው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ቃሉን ሰማሁ! ከማሰቤ በፊት እጄ ጎተተ። ፈርቼ ዋሸሁ። ይኼንንም ሰው አስያዝኩት።»

«ቀስ ይበሉ፣ አልጨረስኩም። ቃሉን እዚያ ያስገባው ሰው ጆሮዎ ያቺን ቃል እንደሚጠብቅ ያውቃል። ፍራሹ ግቢ እንደሆነም ያውቃል።» ወደ ዘፋኟ ዞረች። «‹አዘጋጁ ቀይሩት ብሏል› ያለሽ ማን ነው?»

ልጅቷ ዜማ ደራሲውን በጣቷ አመለከተች። «እሱ! አዘጋጁንም ‹ክዳኑ ላይ ቁም፣ ድምፁ እዚያ ነው የሚጠራው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይንህን ጨፍነህ ስማው› ያለው እሱ ነው! እሱም መነጽሩን አውልቆ አጠገቡ አስቀመጠና ጨፈነ።»

ዜማ ደራሲው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቀ። «አዘጋጁ ቀይር አለኝ፣ ቀየርኩ። እኔ ስለ እጀታ ምን አውቃለሁ?»

«የአዘጋጁ ማስታወሻ ኮት ኪሱ ውስጥ ነበር» አለች መርማሪዋ፣ ደብተሩንም ገለጠች። «ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን የጻፈው ነው፤ ‹ሦስተኛ ረድፍ ልክ ነው። ዝምታው ይመለስ፣ አዲሱ ዘፈን ይውጣ። ምክንያቱን አንብቦ እንዲረዳኝ ሁለቱንም ገጽ ለዜማ ደራሲው በእጁ ሰጠሁት።› እስቲ ንገረኝ፤ ሊጥለው የወሰነውን ዘፈን ቃል የሚያርም ሰው አለ? ሁለቱም ገጽ አንተ ጋ ነበር። ቃሏ እጀታውን እንደምታስጎትት ከአንደኛው ገጽ ተምረህ፣ እሱን አስቀርተህ፣ ማስፈራሪያ የሚመስለውን ለፖሊስ ሰጠህ።»

የዜማ ደራሲው ሳቅ ጠፋ። ፒያኖውን በቡጢ መታው።

«ስድስት ወር የደከምኩበት ነው! ስድስት ወር! አንድ የሰዓት ጠጋኝ አልወደደውም ተብሎ ይጣላል? ማን ነው እሱ? ተመልካች አይደለም እንዴ?»

ሦስተኛ ረድፍ ከመቀመጫው ተነሣ። ካቴናው ተንቀጫቀጨ።

«አዎ፣ ተመልካች ነኝ! አንተ ግን ዘፈን ላስገባ ብለህ ሰው አወጣህ! ያ ሰው እኮ ላንተ አዝኖ ነው ክዳኑ ላይ የቆመው። አንድ ጊዜ ልስማለት ብሎ ነው ዓይኑን የጨፈነው!»

ዜማ ደራሲውን ወሰዱት። ካቴናውን ከሰዓት ጠጋኙ እጅ ፈትተው ለእሱ አደረጉለት፤ ይቅርታ ያለ ፖሊስ ግን አልነበረም። ሦስተኛ ረድፍ ደብተሩን ከመርማሪዋ ተቀብሎ ያቺን መስመር አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ የሰማኝ የለም» አለ። «አንድ ሰው ሰማኝ፤ ስለሰማኝ ሞተ?»



እጀታ ጎታቹ ሽማግሌ እግራቸውን እየጎተቱ ከመድረኩ ወርደው ፊቱ ቆሙ። «ይቅር በለኝ። እጄ ነው የገደለው።»

ሦስተኛ ረድፍ ጮኸባቸው። «ተው! ስለ ቃሏ የጻፍኩት እኔ፣ የጎተትከው አንተ፤ የገደለው ግን ያ ነው። ይኼን በየቀኑ እየመጣሁ እነግርሃለሁ።» ጎኑ ያለውን ወንበር ዘረጋ። «አንተም ይኼንኑ ንገረኝ። በል ቁጭ በል።»