ድምፁ የጠፋ ፊልም

ግዛቸው እንደ ልማዱ ከምሳ በኋላ ፒያኖውን ከሲኒማ ቤቱ ሸራ ሥር አስጠግቶ ቁልፎቹን በመሐረብ ወለወለ። ፊልም ገና መናገር በጀመረ ሰሞን የተቀረጸ አንድ የጃዝ ፒያኒስት ሸራው ላይ ይጫወታል፤ የፊልሙ ድምፅ ግን በእርጅና ስለጠፋ፣ ግዛቸው የሰውዬውን እጆች እያየ አብሮት እየተጫወተ ድምፅ ይሆነዋል። ማታ ማታ ወደ ሚስቱ ወደ የሺመቤት ይመለሳል። የሺመቤት ዓይነ ስውር ናት፤ ባሏን የምታውቀው በኮቴውና በድምፁ ነው፤ ሌላ ምን አላት?

ይህ ፊልም መታየት የጀመረበት የመጀመሪያው ቀን በደህና አለፈ። በማግስቱ፣ የሻገተ መጋረጃና የተቃጠለ አቧራ በሚሸተው ጨለማ ውስጥ ግዛቸው አንድ ቁልፍ ሳተ፤ የሸራው ሰውዬም እዚያው ላይ ሳተና ቀና ብሎ እንደ ደመኛ ገላመጠው። «ኧረ ዓይኔ ነው!» ብሎ ራሱን አጽናና።

በሦስተኛው ቀን ሳል ያዘው። ደረቱ ተናጠ እንጂ ድምፅ አልወጣውም፤ ሳሉ የተሰማው ከሸራው ነበር። ደንግጦ ጣቶቹን ከፒያኖው አነሣ፤ ሙዚቃው ግን ሳይቋረጥ ከሰውዬው እጆች ሥር እየጎላ ቀጠለ።

«ጋሽ ባዩ፣ ያጥፉት!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ፊልም አጫዋቹ ጋሽ ባዩ ከላይ ከመስኮታቸው ብቅ አሉና፣ «እሰይ! ድምፁ መጣ እኮ! በቃ አንተ እረፍ!» አሉት ደስ ብሏቸው።

ሰውዬው መጫወቱን ተወና ከወንበሩ ተነሣ፤ ግዛቸውን በጥላቻ እያየ ወደ ሸራው ጠርዝ ሄዶ ከዓይን ጠፋ። ግዛቸው እግሬ አውጪኝ አለ። ኮረኮንቹ ላይ ሲሮጥ ጠጠሩ ከጫማው ሥር ይፈናጠራል፤ ኮቴው ግን አይሰማም። አምላኬ ሆይ፣ እሷ ብቻ ትስማኝ እያለ ሮጠ።

የሺመቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ጠራት፤ ቀና አላለችም። ጉሮሮው እስኪነድ ጮኸ። ቢጨንቀው እጇን ያዘ፤ እሷም በርግጋ ተነሣችና ቢላዋውን ወደ ፊቱ ሰነዘረች።

«ማነህ? ኧረ የሰው ያለህ!»

ግዛቸው ወደ ኋላ ብሎ እያለቀሰ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ያኔ ከደጅ የገዛ ኮቴው እየቀረበ መጣና በሩ ተንኳኳ።

«የሺዬ፣ እኔ ነኝ» አለ የገዛ ድምፁ።

«ተመስገን! ድረስልኝ፣ ቤታችን ሰው ገብቷል!» አለችና እየተደናበረች ሄዳ በሩን ከፈተችለት።