የተቀደደው ሽፋን

«ጫንጮ ይደርሳል?»

«መንገዱ ከተከፈተ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሱሉልታ መናኸሪያ ቆሟል። አለቃው «ክረምት» ከኋላ ወንበር ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰላዩ ዞሮ አላየውም። መሥሪያ ቤቱ «ወንፊት» ይለዋል፤ ሱሉልታ የምታውቀው ግን ባርናባስ በሚል ስም፣ በውሃ ማጣሪያ ሠራተኛነቱ ነው። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«ኦቦ ሞቱማ ንጹሕ ናቸው» አለ ባርናባስ። «የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ይበላል ብለው ስብሰባ ላይ ተናገሩ እንጂ መንገድ ከሚዘጉት ጋር የሉም።»

«ጥሩ። ደክሞሃል፤ ዛሬ ሥራ አትግባ።»

ክረምት ለሰው ድካም ሲያዝን ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ነገሩ ሸተተው።

ከሚኒባሱ ወርዶ በእግሩ ወደ ማጣሪያው ገሰገሰ። ሞቱማ የማጣሪያው ኃላፊ ናቸው፤ አሸዋ መፋቅ፣ ቧንቧ ማጠብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ምሳቸውን አብረው ይበላሉ። «ኢልመ ኮ»፣ ልጄ፣ የሚለው ሰው በዚህች ከተማ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያውም በውሸት ስሙ እያመኑት። ይህ ያሳፍረው ነበር።

ሞቱማ ክሎሪን ሊያመጡ ወጥተዋል። ገንዳው ላይ ጎንበስ አለ። ከውሃው ሥር፣ አሸዋውን የሚያለብሰውና ቆሻሻውን የሚይዘው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ተቀዷል።

እዚህ የሚሠራ ሰው አይረግጠውም።

ሱሪውን ሰብስቦ ሊገባ ሲል ቆመ። አሸዋው ከተነካ ከተማው ያልተጣራ ውሃ ይጠጣል። መጀመሪያ የመውጫውን ቫልቭ ዘጋ። ከዚያ ገብቶ ቆፈረ። ጣቱ የላስቲክ ጥቅል ነካ።

ሽጉጥ።

ይህ ከተገኘ ሞቱማ ከእስር ቤት አይመለሱም።

ከአጥሩ ውጭ መኪና ቆመ።

ጥቅሉን የዝቃጭ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው። ወታደሮች ገቡ፤ ሞቱማም ክሎሪናቸውን ይዘው ተከተሏቸው። ፈታሾቹ ክፍል አላዩም፣ ሣጥን አልከፈቱም። ከነቦት ጫማቸው ገንዳው ውስጥ ገብተው በቀጥታ የተቀደደውን ቦታ ቆፈሩ። ሲያጡ ሁሉንም አገላበጡት። አዛዡ የባርናባስን እርጥብ ሱሪ ትኩር ብሎ አይቶ ወጣ።

ሞቱማ የተተራመሰውን አሸዋ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ቫልቩ ላይ አሳረፉ።

«ሳይመጡ ነው የዘጋኸው» አሉ። «እንደሚቆፍሩ በምን አወቅህ?»

ውሸት አላጣም፤ ሙያው ነው። ዛሬ ግን ሊዋሻቸው አልፈለገም።

«ኦቦ፣ ሽፋኑ ተመልሶ እስኪያድግ እንዳይከፍቱት» ብቻ አለ።

ሽማግሌው ምሳ ዕቃቸውን አንስተው ብቻቸውን አጥሩ ሥር ተቀመጡ። አልተቆጡም። ልጄ ብለውም አልጠሩትም።

በዚያው ከሱሉልታም ከክረምትም ጠፋ።

ፉሪ ላይ ቤት ያከራየችው ሴት በአዲሱ ስሙ ተክሉ ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት ቧንቧ ከፍቶ የመጀመሪያውን ውሃ ያፈስሳል፤ ከሞቱማ የቀረችው ልማድ ናት። ሽፋኑ አድጎ ይሆን እያለ ያስባል። የሚጠይቀው ሰው የለም። ብርጭቆውን ሞልቶ ቆሞ ይጠጣል።