ድንኳኑ ያለበት ቤት

«የዚህ ሰውዬ አገሩ ወዴት ነው?»

«እንጃ። አድራሻ የለውም።»

«ታዲያ ማን ይቅበረው?»

ከጭቃ ግድግዳ ማዶ የሰማው የሁለት ሰዎች ድምፅ ነበር። ያኔ ልጅ ነው። አንድ መንገደኛ የቀን ሠራተኛ ሰፈራቸው ውስጥ ሞቶ ነበር። ጥያቄውን ዛሬም ያስታውሰዋል። መልስ እንደተሰጠ ያውቃል፤ ምን ተብሎ እንደሆነ ግን ጠፍቶበታል።

አሁን ለምን ትዝ እንዳለው አልገባውም። መካነ ሰላም፣ ከገበያው በላይ፣ አንድ የቆርቆሮ አጥር ፊት ቆሟል። ቁልፍ ሊረከቡ ነው።

ስሙ ወንድዬ ይባላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ማለት ነው። ሥራው ጉዳይ ማስፈጸም ነው፤ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ ውል ያጻጽፋል፣ ለሰው ወረፋ ይይዛል። እውነተኛ ሥራውን፣ የፖሊስ ሰላይነቱን፣ የሚያውቀው አለቃው ንጉሡ ብቻ ነው። በስልክ ንጉሡ «አጎቴ» ነው፤ ወንድዬ ደግሞ «ሚዛን»።

አጠገቡ የቆመው ፈንታው ነው። ወንድዬ የሚሰልለው ሰው።

ፈንታው የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁም ነው። በወረቀት እንዲያ ይላል። በተግባር ግን ዐረብ አገር እልካችኋለሁ እያለ ልጃገረዶች ሰብስቦ የሚሸጥ ደላላ ነው። ከሄዱት ብዙዎቹ ድምፃቸው ጠፍቷል። ፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ የሚሰጠው ለታወቀ አድራሻ ነው፤ ፈንታው ደግሞ ዛሬ አንድ ቤት፣ ነገ ሌላ ቤት ነው። ማኅበር ሲያቋቁም ግን ሕጋዊ አድራሻ የግድ ነው።

ተልእኮው አጭር ነበር። ሰውየውን አድራሻ ማስያዝ።

ብዙ ቤት አሳይቶታል። አንዱን «አስፋልት ላይ ነው፣ ዓይን ይበዛዋል» አለ። ሌላውን «አከራይዋ ወሬኛ ናት» ብሎ ተወው። ይሄኛውን ወደደው። አጥሩ ረጅም ነው፤ የፊትና የኋላ በር አለው፤ ከጓሮ መስኮት የሌለው ክፍል አለው።

የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ እንቁ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ። ወዲያው ግን አልሰጡም።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጆቼ። የኋላው ክፍል የቅሬው፣ የዕድራችን ድንኳን አለ። ከእኔ ቤት አይወጣም፤ የሰፈሩ አደራ ነው። እስላም ክርስቲያኑ በእሱ ነው የሚቀበረው። ሰው ሲሞት መጥተው ይወስዱታል።»

ፈንታው ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። «ይቀመጣ እትዬ። ድንኳን አይበላ፣ አይጠጣ።»

«ሲመጡ በር አይዘጋም።»

«ይሄኮ ድርጅት ነው! ድርጅት ቀብር አይወጣም።» ከት ብሎ ሳቀ።

ወንድዬ አልሳቀም። ሥራው መስማት ነው።

ሰማ።

ውሉ ተፈረመ። አድራሻው ተመዘገበ። ሰንበትበት ብሎ ልጃገረዶቹ መጡ። ከወረኢሉ አካባቢ የመጣችው ራሕማ የመጀመሪያዋ ነበረች። «የስፌት መኪናው የታለ?» ብላ ወንድዬን ጠየቀችው። መሬት መሬት አየ።

ማታውን ደወለ።

«ሚዛን ነኝ። ልብሱ ሱቅ ገብቷል።»

«መቼ ይወጣል?»

«ሐሙስ። ከዙህር ሶላት በፊት።»

«ጠዋት እንደርሳለን። ግባና ከውስጥ ክፈትልን።»

ሐሙስ ጠዋት ገባ። ዘበኛው ይሄነው ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ፈንታው ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ሁለት ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ ያዙት።

«ስልክህን ወዲህ በላ።» ፈንታው መፋቂያውን ጣለ። «አጎትህ ሰላም ብሎሃል፣ ሚዛን።»

ሚዛን አለው።

«አድራሻውን ቀይረነዋል። ንጉሡ ነው የመከረን፤ ብልህ ሰው ነው፣ ወላሂ። ትእዛዙ አሁን ወረኢሉ ባዶ ቤት እያንኳኳ ነው። ሥራ አስኪያጁም አንተ ሆነሃል። የእኔ ስም የትም የለም።»

«ውሸት ነው።»

«እሺ፣ ለፖሊስ ንገራቸዋ። ማን ነኝ ትላለህ? የሚያውቅህ እሱ ብቻ። ብትጮህ ሌባ ያዝን እላለሁ። የቤት ደላላን ደግሞ ማን ያምናል?» ወደ ጎረምሶቹ ዞረ። «ልቀቁት። የት ይሄዳል?»

እውነቱን ነው። የፊቱ በር ላይ ይሄነው አለ። የኋላው በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ልጆቹን የሚወስደው መኪና ሲመጣ የሚከፈተው እሱ ነው። ቆርቆሮው ከቁመቱ በላይ ነው። ስም የለውም፤ የሚመሰክርለት የለም።

እመቤቴ ሆይ፣ አለ በሆዱ።

ልጆቹ ወደተቆለፉበት የኋላ ክፍል ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ጎረምሶቹ ያበቃለት መስሏቸው ሳቁበት። ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ።

«ራሕማ።»

«መኪናው መጣ?»

«ወዴት እንደሚወስዷችሁ ታውቂያለሽ?»

«ትናንት በስልክ ሲዋዋል ሰምተነዋል። ሸጦናል፣ አይደል?»

«ድንኳኑ እዚያው አለ?»

«ተኝተንበታል።»

«አልቅሱ።»

«ምን?»

«ሰው ሞቷል ብላችሁ እሪ በሉ። ሁላችሁም።»

«አስተግፊሩላህ! ማን ሞተ እንበል?»

ከበደው። በሞት መዋሸት ነው። በሕያው ሰው ላይ ማሟረት ነው። እግዜር የሚጠይቀው ነገር ነው። የማንም ያልሆነ ስም አንድ ብቻ ነበረው።

«ወንድዬ ሞተ በሉ።»

መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። ቀጥሎ ሁሉም።

«ወንድዬ! ወንድዬን! እሪ!»

ፈንታው እየሮጠ መጣ። «ዝም! ዝም በሉ!» በሩን በእርግጫ መታው። ልጆቹ የሚያለቅሱት የምራቸውን ነበር። ከተሸጡ ወዲህ ያልወጣላቸው ለቅሶ ነው።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት እሪታውን ተቀበለች። ከእሷ ማዶ ሌላዋ። እዚህ አገር እሪታ ሲሰማ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው እየሄዱ ነው። ብዙም ሳይቆይ የቅሬው ጥሩንባ ተነፋ።

በሩ ተንኳኳ።

«ይሄነው! እንዳትከፍት!»

ይሄነው እጁን መቀርቀሪያው ላይ አድርጎ ዞረ። እናቱ የተለቀሰላት በዚያ ድንኳን ነው። «ጋሼ፣ ለሌባ ዝጋ ቢሉኝ እዘጋለሁ። ለቅሬ ዘግቼ እኔን ማን ይቀብረኛል?»

ከፈተው።

ሰፈሩ ገባ። ነጠላ ያዘቀዘቀው፣ ሻሽ ያሰረው፣ አካፋ የያዘው። ከፊት የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሐመድአሚን በምርኩዝ።

«ድንኳኑን አውጡ!»

እንቁ በእጃቸው የቀረውን ቁልፍ ሞከሩ። አልገባም። «ይሄ የእኔ ጓጉንቸር አይደለም» አሉ። አንዱ በመጥረቢያ መታው።

ድንኳኑ ላይ ቆመው፣ ተቃቅፈው የሚያለቅሱ ልጆች።

ከለቀስተኞቹ አንዲት ሴት ወደ ፊት ተጠጋች።

«ራሕማ? የኡምኩልሱም ልጅ አይደለሽም? ጅዳ ገባች አልነበር እንዴ የተባለው?»

ፈንታው ወደ ኋላው በር ሮጠ። ራሱ ያሰረው ሰንሰለት ጠበቀው። ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው መሬት ላይ አስቀመጡት። ብቻውን ላለመጠየቅ የንጉሡን ስም ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ተናገረ።

ሼሁ ግን ገና አልጨረሱም።

«ሬሳው የታለ?»

ወንድዬ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሼሁ አልሳቁም።

«ልጆቹን አውጥተሃል፣ አላህ ይስጥህ። በሞት ግን አይዋሽም። ነገ አንዲት እናት እሪ ስትል ‹ውሸት ይሆናል› ብሎ የሚቀመጥ ሰው ከመጣ ቅሬያችን ፈረሰ። ወንድዬ ሞተ ተብሎ አንድ ጊዜ ወጥተንለታል። ሁለተኛ አንወጣም።»

ሰውየው እጅ ነሣ። ፍርዱ ልክ ነበር።

ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ንጉሡ ተያዘ። ከመያዙ በፊት ግን የሚዛንን ማኅደር አቃጥሎት ነበር። ወረቀት ላይ የቀረው ወንድዬ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እሱም ይፈለጋል። ስለዚህ ወንድዬ መጥፋት ነበረበት። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም።

መናኸሪያው ውስጥ እንቁ ደረሱበት።

«ቤቴን አውቀህ ነው ያዋዋልከኝ።»

«አዎ።»

«ድንኳኑን ብለህ።»

«አንቱ ሲናገሩ ሰምቼ።»

«ከእኔ ደጅ የውሸት እሪታ ወጣ! በስተርጅናዬ!»

አንገቱን ደፋ። ረዳቱ ይጣራል፤ «ደሴ! ደሴ የሞላ!»

«አንድ ነገር ልለምንዎ፣ እትዬ።»

«አትለምነኝ።»

«ቅሬው የሰረዘው ወንድዬን ነው። እኔ ወንድዬ አይደለሁም። የክርስትና ስሜን ልንገርዎ። አንድ ቀን የሞቴ ወሬ ከመጣ፣ ከቤትዎ ሰው ይቁጠሩኝ።»

አዩት። «እኔን አድራሻ ነው የምትለምነኝ?»

«ሌላ የለኝም።»

ከግድግዳው ማዶ የነበረው ጥያቄ ተመለሰበት። ታዲያ ማን ይቅበረው? ረዳቱ እጁን ጎተተው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በእንቁ ጆሮ አንድ ቃል ተናገረ፤ ከዚያ ገባ። ከብዙ ፊቶች አንዱ ሆነ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ እንቁ መስኮቱን በመዳፋቸው መቱ። እያነቡ ነበር፤ ቁጣቸውም አልበረደም።

«ይሁን እሺ! ከእኔ ቤት ትወጣለህ። ድንኳኑን ራሴ አስወጣለሁ።»