ብርድ ልብስ የለበሰው ጎማ

«እንኳን መጡልን! በሽጉጥዎ ግንባሩን ብለው ይገላግሉን።»

መቶ አለቃ ተድላ ከጊንጪ ካመጣው አውቶቡስ ገና መውረዱ ነው፤ አቧራውን እንኳ አላራገፈም። የኦቦ ዓብዲሳን ግቢ በር ይዘው የቆሙትን ሴትዮ ትክ ብሎ አያቸው።

«ማንን ነው የምገድለው፣ እሜቴ?»

«ውሻውን ነዋ! ለሱ አይደል ቀበሌው ያስጠራዎት?»

«የተጠራሁት ስለ ሞተው ሰው ነው።»

«እሱማ ሞቷል» አሉ ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ወለተማርያም፣ ነገር የማይገባው ሰው መስሏቸው። «ያስቸገረን ሞቶ አለመተኛቱ ነው።»

ከግቢው ጥግ የተሰባበረ ሞተር ሳይክል ተገልብጦ ቆሟል። የሟቹ የሞሲሳ ነው። ሲመሻሽ የፊት ጎማው ማንም ሳይነካው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይዞራል፤ ቡቺ የሚባለው ውሻው ከሥሩ ሆኖ ያላዝናል። ሰፈሩ በጊዜ መዝጋት ጀምሯል። ለወሬ ሲሆን ዝናብ የማይመልሳቸው ወይዘሮ ወለተማርያም እንኳ ጀምበር ስትጠልቅ ከቤታቸው አይወጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምቦ ጉደር ደርሶ መልስ የሞተር ውድድር ነበር። የታኅሣሥ ጠዋት ያንገበግባል፤ የቀዘቀዘ ጎማ ደግሞ አስፋልት አይጨብጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጎማውን በምን እንደሚያሞቅ ይመርጣል። ዲንሳ፣ የሞሲሳ ዋና ተቀናቃኝ፣ በፍል ውሃ የተነከረ ጋቢ ይጠመጥማል። ሞሲሳ የጋለ አሸዋ በጆንያ ይሁን አለ። መካኒኩ ሙለታ ግን «ጆንያ ላህያ ነው» ብሎ ከባለሱቁ ከድሮ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ገዛና ለሁለት ቀዶ፣ ሽቦውን እንደገና ቀጥሎ፣ ለሁለቱ ጎማዎች እጀ ጠባብ ሰፋላቸው። በዚሁ ምርጫ ሰው ፊት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ብርድ ልብሱ አሸነፈ። መነሻው ከኦቦ ዓብዲሳ ደጅ ስለነበር ሽቦው በመስኮት ወጣ፣ ጎማዎቹም እዚያው እንደ አራስ ተሸፋፍነው ሞቁ። ሞሲሳ ግን የመጀመሪያውን ኩርባ አላለፈም።

ሙለታ ታሠረ። አባትየው ኦቦ ዓብዲሳ «የልጄን ገዳይ በዓይኔ ሳላይ ጺሜን አልላጭም» ብለው ማሉ።

መቶ አለቃው መጀመሪያ ወደ እሥር ቤቱ ሄደ።

«ጎማውን አቃጥለህበታል ይላሉ።»

«ጌታዬ፣ ሰው ሲሞቀው የኖረ ብርድ ልብስ ነው። ሰው ያላቃጠለ ጎማ ያቃጥላል?»

«ስታለብሰው ምን አየህ?»

«በደንብ አልነጋም ነበር። ጎማው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ሞሲሳ ወልውሎት ነው ብዬ ደስ አለኝ።» የበሩን ብረት ያዘ። «ሚስቴ እርጉዝ ናት፣ ጓድ መቶ አለቃ። ልጄ ሳይወለድ የገዳይ ልጅ ሊባል ነው።»

ከድሮ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ማለ። «ወላሂ ብርድ ልብሱ ደህና ነበር! ክረምቱን ተኝተንበታል። አዚዛን ይጠይቋት።»

«ሚስትህ ምን ትላለች?»

«ከሸጥኩት ወዲህ አታናግረኝም።»

ዲንሳ ግን ቀና ብሎም አላየው። «ከኋላው ነበርኩ። ቀጥ ባለው መንገድ እንደ ጥይት ሄደ። ለመታጠፍ ጋደም ሲል ነው የፊት ጎማው ከሥሩ የሸሸው።»

«ዋንጫውስ?»

«ቀበሌ ተቀምጧል። በምን ፊቴ እወስደዋለሁ?»

ኦቦ ዓብዲሳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሞተሩን ያያሉ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ?»

«አለሁ ይባላል፣ ልጄ።»

«ሞተር ይወዳሉ?»

«እኔ የፈረስ ሰው ነኝ። ጎማ ብርድ ልብስ ሲለብስ ባይ ፈረሴ ዳማ ትዝ አለኝ። ለጉግስ ስንወጣ ግንባሩንና የፊት ኮቴዎቹን ቅቤ ሳልቀባው፣ ሰርዶ አስይዤ ሳልመርቀው ከግቢ አይወጣም ነበር። አንድም ቀን አልጣለኝም።»

«ለሞሲሳ ነግረውታል?»

«ነገርኩት እንጂ። ‹አባ፣ ይሄ እኮ ሳር አይበላም› ብሎ ሳቀብኝ።» ሽማግሌው ራሳቸውም ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «ገዳዩን አምጣልኝ።»

ሲመሻሽ መቶ አለቃው ብቻውን ከሞተሩ አጠገብ ቁጭ አለ። ጭር አለ። ከዚያ ጎማው ቀጭ አለ። ስንቱን ምልምል መንፈስ የሚባል የለም እያለ ያስተማረ ሰው፣ ሽጉጥ በያዘበት እጁ አማተበ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቡቺ ከወዲያ በኩል ሆኖ ጎማውን ይልሳል፤ በላሰ ቁጥር ጎማው ይዞራል። የሚልሰው ደግሞ መሀሉን አይደለም፤ ጎንና ጎኑን ነው። ውሻው ጎማውን ተወና በተሰነጠቀው የፊት መብራት ዙሪያ ያለውን ቆርቆሮ መላስ ጀመረ። ከመብራቱ ጠርዝ አንዲት የደረቀች ሰርዶ ተሰክታለች።

መቶ አለቃው አውራ ጣቱን በጎማው ስንጥቅ ሰዶ አሸተተ።

«ምነው ግራሶ በሆነ» አለ ለራሱ።

በማግስቱ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙለታም በሰንሰለት መጣ።

«ጎማውን የሚያዞረው የቡቺ ምላስ ነው» አለ መቶ አለቃው።

«ታዲያ ለጌታው አይደለም የሚያለቅሰው?» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም ቅር ብሏቸው።

«ያለቅሳል፤ እየበላ ነው እንጂ። ለቀስተኛ ሁሉ እንደዚያው አይደል?»

«ምኑን ነው የሚበላው?»

«ቅቤ።»

መቶ አለቃው ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ ጎማውን በጣቱ አሳየ።

«ሞተር ቀጥ ብሎ ሲሄድ መንገድ የሚነካው የጎማው መሀል ነው። የመሀሉን ቅቤ አስፋልቱ ጠረገው። ጋደም ሲል ግን ጎኑ ነካ፤ የጎኑ ቅቤ እንዳለ ነበር። ዲንሳ ያየው ይህንን ነው።»

«ሙለታ ሲያለብሰው አያየውም?» አለ ከድሮ።

«በድንግዝግዝ ማብረቅረቁን አየ፤ የተወለወለ መሰለው። አሸዋ መርጠው ቢሆን ከጆንያው ሾልኮ ቅቤው ላይ እየተለጠፈ ያሳብቅ ነበር። ደረቅ ሙቀት ግን አቅልጦ ከስንጥቁ አስገባው።»

«እንግዲያስ መካኒኩ ራሱ ነዋ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

«መካኒክ ግራሶ ሞልቶት ቅቤ ምን ያደርግለታል? ዲንሳም እንደሱ። ደግሞስ ሰውን ሊጥል የፈለገ የፊት መብራት ምን ብሎ ይቀባል?» ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፈታ። ሰርዶዋ ናት። «ይህ የጠላት እጅ አይደለም። ይህን ያደረገው...»

ሌሊቱን ሲያሰላስለው ያደረውን ስም ሳይጠራ ተወው። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ኦቦ ዓብዲሳ ግን የገዛ አውራ ጣታቸውን ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል።

«ኮቴው ነው ብዬ» አሉ በዝግታ። «እንዳይስቅብኝ፣ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ቀባሁት...»

የሙለታ ሰንሰለት እየተንኳኳ ተፈታ፤ እሱም የተፈታ እጁን ምን እንደሚያደርግበት ጠፍቶት ቆመ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡና ሁለት እጃቸውን አጣምረው ዘረጉ።

«ወዲህ በል ሰንሰለቱን። አምጣልኝ ብዬህ ነበር፣ አመጣኸው።»

«ኦቦ፣ ምርቃትን የሚቀጣ አንቀጽ የለኝም።»

ሽማግሌው እጃቸውን አላጠፉም። ከጥጉ ጎማው ቀጭ አለ።

«እንግዲያው አንቀጹን ደህና አድርገህ ፈልግ» አሉ።