ሦስተኛው ጠዋት

ሲልያ የፓምፑን ማብሪያ ልትጫን ጣቷን ዘርግታ ተወችው። ከላይ፣ ከወጥ ቤቱ፣ አባቷ ቶርበን እያፏጨ ጥቁር ዳቦ ሲቆርጥ ይሰማታል። ካፏጨ ከርሟል።

ለምድር ቤቱ መታጠቢያ ቤት ብለው ወለሉን ሰብረው የቆፈሩት ጉድጓድ ከፊቷ ነው። የፍሳሽ ታንኩ እዚያ ይቀመጥና ቧንቧዎቹ ተገጥመውለት ዙሪያው ኮንክሪት ይሞላል። ችግሩ ከሥር የሚመጣው ውሃ ነው። በከተማቸው በቶነር ትንሽ ከተቆፈረ ውሃ ይወጣል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣው የቧንቧ ሠራተኛ ፖውል፣ ሕግ አወጣ፦ ፓምፑ ሌሊቱን ጠፍቶ ያድራል፣ ጠዋት ውሃው በዱላ ይለካል። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ዱላው ላይ ካለው ቀይ ምልክት በታች ከሆነ ኮንክሪቱ ይፈስሳል።

«ባዶ ታንክ ውሃ ካገኘ ጀልባ ነው» ብሏት ነበር። «ወለላችሁን ሰንጥቆ ነው ብቅ የሚለው።»

ሲልያ አንዱን ሳምንት እናቷ ዘንድ፣ ሌላውን አባቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። ይህ የአባቷ ሳምንት ነው። እሱ አውቶቡሱን ሊነዳ ሳይነጋ ስለሚወጣ መለካቱ የእሷ ሥራ ሆነ። ሁለቱንም ጠዋት መጀመሪያ ፓምፑን አስነሳች፤ ውሃው ሲወርድላት ለካች። ግድግዳው ላይ የጻፍኩት ዱላው ያሳየኝን ነው እያለች ራሷን ስታባብል ሁለት ቀን ሆናት።

ሁሉም ለአንከር ነው። ወንድሟ ውትድርናውን ሊጨርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የራሱ መታጠቢያ ቤት ካለው ምድር ቤቱ ውስጥ ሊኖር ቃል ገብቷል፤ ካልሆነ ሩቅ ኦርሁስ ከተማ የተገኘለትን ክፍል ይይዛል፣ አከራዮቹም መልሱን ዛሬ ይፈልጉታል። ሲልያን በጣም ናፍቋታል፣ አጠገቧ ተቀምጦ ከሳህኗ ድንች የሚሰርቃት ወንድሟ። እሱ ከሄደ ወዲህ አባትና ልጅ እራት የሚበሉት ሹካቸውን እየሰሙ ነው።

ቶርበን ዳቦውን እንደያዘ ወረደ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለውም።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ስንት አለ? ፖውል የኮንክሪት ማደባለቂያውን እየጎተተ መጥቷል።»

ዱላውን ነከረችው። ውሃው ከቀዩ ምልክት በላይ አንድ ስንዝር ያህል ቆሟል።

«ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ?»

«ትናንትም እንዲህ ነበር፣ አባዬ። ከትናንት ወዲያም። ፓምፑን አስነስቼ ነው የለካሁት።»

ቶርበን ማኘኩን አቆመ። ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ እሷን።

«ቶነር በየካቲት ደርቃ አታውቅም» አለ በመጨረሻ። «ይህን እያወቅኩ አልጠየቅኩሽም። እኔም እንዲመጣ ፈልጌ ነው።»

«መቼ ይወርዳል?»

«ሰኔ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ ምናልባት።»

ፖውልን ሊያስቆም ወጣ። ሲልያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደወለች።

«እህስ፣ አለቃ፣ ጨረሳችሁ?» አለ አንከር።

እስከ ሰኔ ጠብቀን ልትለው ነበር፤ ተወችው።

«የኦርሁሱን ክፍል ያዘው» አለች። «ውሃው እምቢ ብሏል።»

እንዳይዘጋው ፈርታ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«አንከር» አለች፣ «ክፍሉ ወለሉ ላይ ለእኔ ፍራሽ ያስዘረጋል?»