ጭንቅላቱ ወደ ሰማይ

ካፒቴኑን ከተሰባበረው አውሮፕላን ውስጥ ሲያወጡት ግራ እጁ ከመሪው አልላቀቅ ብሎ አስቸገረ። ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረባቸው። እስከ መጨረሻው ሲታገል ነበር ማለት ነው።

ካፒቴን የተባለው ለቀልድ ነው፤ በሙያው በርና መስኮት ሠሪ ነበር። ብትንትኑ ወጥቶ በሳጥን የመጣ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ገዝቶ፣ ከበራሪዎች ክበብ ሜዳ ዳር ባለች ሃንጋር ውስጥ ለዓመታት ሲገጣጥም፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ካፒቴን፣ መቼ ነው የምንሳፈረው?» እያለ አሾፈበት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። የመጀመሪያው በረራ ቀን ተነሣ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ከዙሩ ግን አልወጣም። እየተጠማዘዘ ወርዶ ከሜዳው ማዶ ማሳ ላይ ወደቀ። ሚስቱ፣ ልጁ፣ መካኒኩና የክበቡ ፈታሽ ኢንጂነር ከሃንጋሯ ደጃፍ ሆነው ሲያዩት ነበር።

ምክንያቱ ሳይውል ሳያድር ታወቀ። መሪውን ከጅራቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከማያያዣው ብረት ወልቋል። ብሎኑ ለብቻው፣ ብሎኑን የሚያስረው ዳዶ ለብቻው ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ወድቀው ተገኙ። ማያያዣው ላይ ግን ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ቀለም ነው።

የካፒቴኑ ልጅ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። የሌላው ሰው አውሮፕላን ጅራቱ የሚታዘዘው በእግር ነው፤ አባቷ ግን ፔዳሎቹን ነቅሎ ጥሎ በእጅ የሚገፋ መሪ ሠራላት። «እኔ እሞክረዋለሁ፣ አንቺ ትበሪያለሽ» ይላት ነበር። የሃንጋሯ ሕግ ደግሞ አንድ ነበር፦ ያጠበቀ አይቀባም። መካኒኩ ብሎኑን ያጠብቃሉ፤ ልጅቷ በገዛ እጇ ፈትሻ፣ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀይ መስመር ታሰምራለች። ዳዶው ንቅንቅ ካለ መስመሯ ትሰበራለች። «ቀይ ካለ ጠብቋል» ይሉ ነበር፤ ቀይ ማለት ልጅቷ አይታዋለች ማለት ነው።

ጉዳዩ የደረሳትን መርማሪ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም።

«ቸልተኝነት ነው» አላት አለቃዋ። «ሽማግሌው አላጠበቁም፣ ልጅቷ ሳታይ ቀብታለች። ራሷም አምናለች። ሁለቱን ለዐቃቤ ሕግ እናቅርብና ፋይሉን ዝጊው።»

«አምናለች ወይስ አዝናለች?»

አለቃዋ ተነፈሰ። «እስከ ነገ ልዩነቱን አሳዪኝ። ነገ ካለፈ ግን እኔም አልችልም።»

መርማሪዋ ልጅቷን ያገኘቻት ባዶው ሃንጋር ውስጥ ነው። ዊልቸሯ ላይ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች። ከአደጋው ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም፤ እንባም አልወጣትም።

«ጻፊው» አለች ልጅቷ፣ መርማሪዋ ገና አፏን ሳትከፍት። «የቀባሁት እኔ ነኝ። አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እጽፋለሁ። በመጀመሪያ እንዴት እንደቀባሽ ንገሪኝ።»

«ከሥር ገብቼ። የአውሮፕላኑን መቆሚያ አባዬ በዊልቸሬ ልክ ነው የሠራው፣ ከሆዱ ሥር ገባ እላለሁ። የታችኛውን ክዳን ከፈትኩ፣ ዳዶውን በጣቴ ሞከርኩ፣ ቀባሁ። ከዚያ ክዳኑን አስዘግቼ የክዳኑንም ብሎኖች ቀባኋቸው።»

«በላይኛው ክዳን በኩልስ?»

«በምን ቁመቴ?» አለች። ፈገግታ ሊመጣባት ሲል ደርሳ አባረረችው። «ጠብቆ ነበር ብዬ ነበር። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሌሊት ሌሊት ጣቴ ያስታውሰው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ አይመልስልኝም።»

መርማሪዋ አላጽናናቻትም። ማጽናናት ስላልፈለገች ሳይሆን፣ ገና የምትሰጣት ነገር ስላልነበራት ነው።

አዛውንቱን መካኒክ «አባ ዳዶ» ይሏቸዋል። ከሃንጋሯ ጀርባ የብረት ዕቃዎቻቸውን በዘይት እየወለወሉ ነበር፤ ሊሸጧቸው ይመስል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ለኔ እያደር ነው የጨለመብኝ፣ ልጄ።»

«ብሎኑን እንዴት ነበር ያስገቡት፣ አባ?»

«እንዴት ነው የሚገባው? ጭንቅላቱ ወደ ሰማይ፣ ዳዶው ወደ ምድር! ዳዶው ወልቆ ቢጠፋ እንኳ ብሎኑ በራሱ ክብደት ቦታው ላይ ይቀመጣላ። ይኼን የማያውቅ ሰው እንኳን አውሮፕላን ጋሪም አይንካ።»

«ታዲያ የርስዎ ብሎን እንዴት ወደቀ?»

አዛውንቱ የሚወለውሉበትን ጨርቅ አስቀመጡ። «እኔ እንጃ» አሉ። «እጄ ከድቶኛል። አርጅቻለሁ። ልጅቷን ተዉልኝና እኔን እሰሩኝ።»

ሚስትየው ሃንጋሯ ውስጥ መግባት አትወድም ነበር፤ ያን ቀን ግን መርማሪዋን ተከትላ ገባች። «ይኼን ብረት ጠልቼው ነበር» አለች። «ባሌን ወሰደብኝ፣ አሁን ልጄን ሊወስድ ነው። ይኼንንም መዝግቢው።»

«የፍተሻው ዕለት እዚህ ነበሩ?»

«ምሳ ይዤላቸው መጥቼ ነበር። ኢንጂነሩ ሁላችንንም አስወጣን፤ ‹ፍተሻ በጸጥታ ነው› ብሎ። ልጄ ቀለሟን እንኳ ጠረጴዛው ላይ እንደተወች ነው የወጣችው። ሲጨርስ የላይኛውን ክዳን አሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ፈረመና ‹እስኪበር ማንም እንዳይነካው› አለን። ማን ደፍሮ ይነካል?»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አሮጌ የአውሮፕላን መቀመጫ አየች። ከሥሩ ያለው መጋጠሚያ ከፋብሪካ እንደወጣ በላስቲክ ተጠቅልሏል። «ይኼስ?»

«አምና ከወደቀው አውሮፕላን ላይ የተገዛ ነው። ባልና ሚስት የሞቱበት። ባሌ ለልጃችን ሊያስተካክለው አምጥቶት ላስቲኩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሥራውን ትቶ ሰቀለው። ከፍተሻው ቀደም ብሎ ኢንጂነሩ ሲመጣ በር ዘግተው ተነጋገሩ። ሲወጡ ‹አንተው ራስህ ተናገር፤ ካልሆነ ከበረራው በኋላ እኔ እናገራለሁ› ሲለው ሰማሁ። ምኑን እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ እኔም ኩርፊያ ላይ ስለነበርኩ አልጠየቅኩትም።» ከንፈሯን ነከሰች። «ብጠይቀው ምን ነበረበት?»

ኢንጂነሩ መርማሪዋን በክበቡ ቢሮ ተቀበላት። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ፣ የተመጠነ ሐዘን።

«በልጅቷ አልፈርድም» አለ። «ቀይዋን መስመር በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። የላይኛውን ክዳን ከፍቼ፣ አጎንብሼ፣ በባትሪ ነው ያየሁት። ቀጥ ብላ፣ ሳትሰበር። ‹ቀይ ካለ ጠብቋል› የሚሉትን አመንኩ። ጥፋቴ ማመኔ ነው።»

«የታችኛውን ክዳንስ ከፈቱት?»

«አልነካሁትም። የልጅቷ ቀለም ብሎኖቹ ላይ ነበር፣ ለምን አበላሸዋለሁ?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ቀጥታ ወደ ስብርባሪው ሄደች። አንድ አጭር በርጩማ ፈልጋ በዊልቸር ቁመት ተቀመጠች፤ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዛ መጀመሪያ ከላይ፣ ከዚያ ከሥር አየች። ከሥር ስታይ ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቀችም። ስትነሣ ልብሷ ዘይት በዘይት ሆኗል፤ እሷ ግን ለአለቃዋ ደውላ «ና፣ ልዩነቱን ላሳይህ» አለችው።

በማግስቱ ሁሉም ሃንጋሯ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማያያዣው ብረት በጨርቅ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ እጆቿን እንደቀበረች ናት፤ እናቷ ከኋላዋ ቆማለች። ኢንጂነሩ ሰዓቱን ያያል።

«አባ» አለች መርማሪዋ፣ «የላይኛውን ክዳን ከፍቼ ወደ ውስጥ ባይ፣ ከዚያ ብሎን ላይ ምን ይታየኛል?»

«ጭንቅላቱ ነዋ! ሌላ ምን ሊታይሽ?»

«ቀይ መስመርስ?»

«ከየት መጥቶ? መስመሩ ያለው ዳዶው ጋ ነው፤ ዳዶው ደግሞ ታች ነው።»

ኢንጂነሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ ግን ከላይ ሆነው ቀይዋን መስመር በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብለውኛል።»

«ተሳስቼ... ከታች ይሆናል ያየሁት። ስንት ነገር ነው የማየው?»

«ይኼ ውሃ አያነሳም። በታችኛው ክዳን ብሎኖች ላይ ያለው የልጅቷ ቀለም እስካሁን አልተሰበረም። እሷ ከቀባችው ወዲህ ማንም አልከፈተውም፤ እርስዎም አልነካሁትም ብለዋል።» ጨርቁን ገለጠችው። «ደግሞ አልተሳሳቱም። ከላይ በእርግጥ ቀይ ነበር። ያውልዎት።»

በብረቱ የላይኛው ገጽ ላይ ወፈር ያለች ቀይ ጭረት ነበረች።

«እና ልጅቷ ከላይ ነው የቀባችው?» አለ አለቃዋ።

«በምን ቁመቷ?» አለች መርማሪዋ። «ቀለሙ ከላይ ከሆነ ዳዶውም ከላይ ነበር ማለት ነው። ብሎኑ ተገልብጧል። አንድ ሰው በላይኛው ክዳን እጁን አሾልኮ የአባን ብሎን ፈታ፣ ከሥር ወደ ላይ አስገባው፣ ዳዶውን በጣቱ ብቻ አጠበቀ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ዳዶው ወለቀ፤ ብሎኑን የሚይዘው ስለሌለ በራሱ ክብደት ወደቀ። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ከተተወው ቀለም ቀባበት፤ ስብርባሪው ሲመረመር ጥፋቱ ልጅቷ ላይ እንዲወድቅ። የእምዬን ወደ አብዬ ማለት ይኼ ነው።»

አዛውንቱ «ተገልብጦ» አሉ ለራሳቸው። «ተገልብጦ ኖሯላ!»

«ማን ነው?» አለች ሚስትየው። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር።

«የላይኛው ክዳን ማሸጊያ ሳይቀደድ ነው የተገኘው። ከኢንጂነሩ በኋላ ማንም አልገባም። ከእሳቸው በፊት ሌላ ሰው ገልብጦት ቢሆን ደግሞ፣ ክዳኑን እንደከፈቱ ዳዶው አናት ላይ ቆሞ ያገኙት ነበር። አባ ጋሪ አይንካ ያሉት ሰው እንኳ ያንን አይቶ ዝም አይልም። ኢንጂነር፣ ‹ሳላይ ፈረምኩ› ቢሉኝ ሰነፍ ነው ብዬ እሄድ ነበር። አይቻለሁ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ለምን ብዬ?» ኢንጂነሩ ተነሣ። «ጓደኛዬን ለምን እገድላለሁ?»

መርማሪዋ ግድግዳው ላይ ያለውን መቀመጫ አሳየችው። «ባልና ሚስት ከሞቱበት አውሮፕላን የመጣ ነው። በፍተሻ መዝገቡ ተከፍቶ ታይቷል ብለው የፈረሙበት መጋጠሚያ የፋብሪካ ላስቲኩ እንኳ አልተነሣለትም። ካፒቴኑ ራስህ ተናገር ብሎ ዕድል ሰጠዎት።»

«ይኼ ሁሉ ግምት ነው። ያ ብሎን ከመጀመሪያውም ተገልብጦ የገባ ቢሆንስ? ሽማግሌው አርጅቷል፣ ልጅቷም ተሸክመዋት ከላይ ቀብታ ይሆናል። አስረጂ!»

«እሺ።» ብረቱን አንሥታ ገለበጠችው። «ከላይ ሆነው በዳበሳ ነው የሠሩት። ከሥር ያለው አልታየዎትም።»

በታችኛው ገጽ ላይ ቀጭን፣ ንጹሕ ቀይ መስመር ነበረች። ከብሎኑ ቀዳዳ አጠገብ ላይ ቁርጥ ብላ ቆማለች። ሌላው ግማሿ አባ ካጠበቁት ዳዶ ጋር ሄዷል። «ብሎኑ በትክክል ገብቶ፣ ጠብቆ፣ ታይቶ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ይቺ መስመር እዚህ የምትገኘው በዚያ ብቻ ነው።»

ኢንጂነሩ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «አንድ ቀን ነው» አለ፣ ወደ ማንም ሳያይ። «ደክሞኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው ሳልከፍት የፈረምኩት።»

«ያ አንድ ቀን ሦስት ሰው ገድሏል» አለ አለቃው፣ ክንዱን ይዞ እያስነሣው።

ከወጡ በኋላ መርማሪዋ ብረቱን ወስዳ ልጅቷ ጭን ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿን አወጣች። ጥፍሮቿ ላይ የነበረው ቀለም ተፍቆ ቆዳዋ ሳይቀር ቆስሏል። ጣቷን በመስመሯ ላይ ቀስ ብላ አስኬደች።

«የኔ ናት» አለች። «ወደ ግራ ታጋድላለች። አባዬ ሁልጊዜ ይስቅባት ነበር።» ቀና ብላ አዛውንቱን አየቻቸው። «አባ ዳዶ... ጠብቆ ነበር?»

«ጠብቆ ነበር፣ ልጄ። አንቺም አይተሽው ነበር።»

እናቷ መጥታ ዊልቸሩ አጠገብ ተንበረከከችና የቆሰሉትን ጣቶች በሁለት እጇ ያዘች። ልጅቷ ለአባቷ ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው።