እድናለሁ ወይ?

«አፍህን ክፈትልኝ እንጂ አባዬ» አለች ልጅቷ፣ መድኃኒቱን የቀዳችበትን ስሪንጅ ከንፈሩ አጠገብ ይዛ።

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አሁን አልፈልግም።»

«በየአራት ሰዓቱ ነው የተባለው።»

«ያደነዝዘኛል። አናጢ እጁ ከደነዘዘ ምን ሊሠራ ነው? ስነሳ የትምህርት ቤታችሁን በር ማን ይጨርስልኛል?»

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷን የመንደሩ ሰው ሁሉ «ሚስማሩ» ይለዋል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ የያዘውን የማይለቅ ሰው ስለሆነ። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረደም። የከተማው ሐኪም የጉበት ካንሰር መሆኑን፣ ከእንግዲህም የሚደረግ ሕክምና እንደሌለ የነገረው ለእናቷ ብቻ ነበር። እናቷ ለእሱ «ጨጓራ ነው፤ ቀስ እያለ ይተውሃል» አለችው። ለልጇ ግን እውነቱን ነገረቻትና እጇን ጨምድዳ ይዛ፣ «አደራ! ከሰማ ተስፋ ቆርጦ ያኔውኑ ይሞትብናል» አለቻት።

አደራዋን ጠበቀች። ሕመሙ ሲነሳበት ግን አባቷ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ይይዛል። «ምን ሆንክ?» ሲሉት፣ «ምንም» ይላል፤ ግንባሩ በላብ ርሶ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሲስተር መጣች። በሳምንት አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ ነርስ ናት። ጀርባውን አጠበችለት፤ መተኛት ያመጣበትን የጀርባ ቁስል አሸገችለት፤ እያገላበጠችውም ቀለደች።

«ጋሼ፣ አልጋውን ራስዎ ነዎት የሠሩት? ሲጥ እንኳ አይልም!»

«ሲጥ ካለማ የሚስማሩ ሥራ አይደለም» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠና ዐይኑን ጨፈነ።

ሲስተር የመድኃኒቱን ጠርሙስ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየችው። ብዙም አልጎደለም። ልጅቷን በዐይኗ ጠቅሳ ወደ ደጅ አወጣቻት።

«ለምን አይወስድም?»

ልጅቷ ስለ በሩ ነገረቻት። ሲስተር እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

«ይሄ ሞርፊን ሕመሙን እንዲያስታግስለት ነው የመጣው። እሱ ግን እድናለሁ ብሎ እጁን ለነገ እየቆጠበ ነው። ለእናትሽም ሁለቴ ነግሬያታለሁ። ጨክና እንዳይመስልሽ፤ ፈርታ ነው።»

«እኔ ልንገረው?»

«ካልጠየቀሽ አትጫኚው። ከጠየቀሽ ግን አትዋሺው። ካቃተሽም ‘ሲስተርን ጠይቃት’ በዪው፤ ለዚሁ ስል ሰኞ ተመልሼ እመጣለሁ። ያንቺ ሸክም ብቻ አይደለም፣ እሺ?»

ከሰዓት በኋላ እናቷ በጓሮ ልብስ ስታጥብ፣ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለፈተና ታጠና ነበር። አባቷ የብርድ ልብሱን ከአፉ አወጣ።

«እናቴ፣ ደብተሩን ተይውና እዪኝ። አንቺ ውሸት አይሆንልሽም፤ ገና ሳትጀምሪው ጆሮሽ ይቀላል። እድናለሁ ወይ?»

«አዎ» ሁለት ፊደል ናት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። «ሲስተርን ጠይቃት» ማለትም ትችላለች፤ ግን ሰኞ ሩቅ ነው። ዐይኗ የብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ አረፈ፤ ክሩ ተበልቶ ተንጨፍርሯል።

«አትድንም አባዬ።»

ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። አባቷ ዐይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ሰውነቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ከዐይኑ ጥግ የወረደው እንባ ብቻ ወደ ጆሮው ፈሰሰ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ምስኪን። ይሄን ሁሉ ቀን ብቻዋን…» ቃሉን አልጨረሰውም። እጁን ዘርግቶ የልጁን ጆሮ ዳሰሰ። «በይ እንግዲህ፣ መድኃኒቱን አምጪው። በሩን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል።»

ቀድታ አጠጣችው።

«አሁን ጥሪልኝ» አላት።

እናቷ ጓሮ ጎንበስ ብላ አንሶላ ታለቀልቃለች።

«እማዬ፣ ጠየቀኝ። ነገርኩት።»

እናቷ ቀና አለች። እጇ ሲነሳ ልጅቷ በጥፊ ልትመታት መስሏት ዐይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው የእናቷ እጅ የገዛ አፏን ከድኖ ነበር።

«ምን አለ?» አለች በጣቶቿ መሀል።

«ምስኪን አለ፤ አንቺን። ይጠራሻል።»

እናቷ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ገባች። ከውስጥ የእናቷ ልቅሶ መጣ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላ፣ ወፍራምና የተሰባበረ ድምፅ። አባቷ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም። ልትሮጥ ብድግ አለችና ቆመች።

አንሶላው ገንዳው ውስጥ ቀርቷል። ውሃ የጠጣ አንሶላ ለሁለት ነው የሚጨመቀው፤ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይዞ። ልጅቷ የቤቱን በር አየት አደረገችው። ከዚያ አንዱን ጫፍ አጥሩ ላይ አጥብቃ አሰረችና፣ ሌላውን ይዛ ብቻዋን መጠምዘዝ ጀመረች።